በፍስክ ረቡዕ ድሃ ፍለጋ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስልኬ የሚጮኸው ወይ ልጆቼ ሲናፍቁኝ ነው ወይ ቢሮ ውስጥ አንድ ነገር ሲጠፋባቸው ነው። ባለፈው ሰሞን በእኔ ቦታ የተተካችው ልጅ፣ ሂክማ፣ ደወለችና፣ "እትዬ ዘሀራ፣ አንድ ማድቤት አስቸገረኝ" አለችኝ።

ዘንድሮ ድጋፍ የሚፈልግ ተማሪ የወላጆቹን ቤት ፎቶ አንስቶ በስልክ እንዲልክ ተደርጓል። ሂክማ ፎቶዎቹን ስታይ አንድ ግድግዳው የተገመሰ፣ ጣራው ላይ ዱባ የወጣበት ማድቤት ደጋግሞ ይመጣባታል። አንዱ ኩታበር ነው ብሎ ልኮታል፣ ሌላው ቦሩ ሜዳ፣ አንዷ ደግሞ እዚሁ ደሴ ከተማ መሀል።

"ምን ላድርገው?" አለችኝ።

"ማድቤቱን መዝግቢው" አልኳት። "ይህን ሁሉ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ያስገባ ማድቤት ድጋፍ ይገባዋል።"

እሷ ስቃ ዘጋችው፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሥራዬን ሳስብ ዋልኩ። የእኔ ሥራ ድሃ መፈለግ ነበር። ሰው ምን ትሠሪያለሽ ሲለኝ "የተማሪዎች አገልግሎት" እላለሁ እንጂ እውነቱ ይኸው ነው። በወሎ ደግሞ ድሃ መፈለግ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ድሃው ሞልቷል፤ ድሃ ነኝ የሚል ግን እንደ ሐምሌ ፀሐይ ነው። ድሃ ነኝ የሚለው ብዙውን ጊዜ ድሃ ያልሆነው ነው።

የጀመርኩት ደሴ ትምህርት ቢሮ ውስጥ በታይፒስትነት ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ ደብዳቤ ሲያጽፈኝ እየተንጎራደደ ነበር፤ በር ጋ ሲደርስ ድምፁ አይሰማኝም፣ እኔም የመሰለኝን እሞላለሁ። ሳያነብ ይፈርማል። ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ወደዚያ ተዛወርኩ፤ አንድ ጊዜ ደሴ ግቢ፣ አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ግቢ። ጠዋት በደሴ ብርድ ሹራብ ለብሼ እወጣለሁ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ አወልቃለሁ፣ ማታ ስንወጣ መልሼ እለብሳለሁ። ደሞዙን አልነግራችሁም፤ ሹራቡን ግን ገዝቶልኛል።

ሥራችን ግማሹ ማስረዳት ነበር። ወጪ መጋራት ማለት ተማሪው ውል ፈርሞ ይማራል፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደሞዙ እየተቆረጠ ይከፍላል ማለት ነው። ይህን ለአንድ አባት ሳስረዳ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝና፣ "ሥራ ባይይዝስ?" አሉኝ።

"ደሞዝ ከሌለው ከምን ይቆረጣል?"

ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ሰማህ? ሥራ እንዳትይዝ!"

ካፌ መብላት የማይፈልግ ደግሞ የምግቡን ገንዘብ በእጁ ይቀበላል፤ ኖን ካፌ ይሉታል። ወንዶቹ በወሩ መጀመሪያ ሥጋ ቤት፣ በወሩ መጨረሻ እኔ ቢሮ ናቸው። ከዚህ ሁሉ ሌላ የከተማው ነጋዴዎችና የአካባቢው ተወላጆች ያቋቋሙት ፈንድ ነበረን። ምግብና መኝታ ቢኖርም ሳሙናውን፣ ፎቶ ኮፒውን፣ የመንገዱን ማን ይችለዋል? ለዚህ ለባሰባቸው ልጆች በየወሩ የኪስ ገንዘብ ይሰጣል። ችግሩ የባሰበት ማን ነው የሚለው ነው። ሁሉም ከቀበሌው "የድሃ ድሃ መሆኑን እናረጋግጣለን" የሚል ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። የቀበሌው ሊቀመንበር አጎቱ ሲሆን ደግሞ "የድሃ ድሃ ድሃ" ይላል።

ይህን ጉድ ማበጠር ያስተማረኝ ጋሽ ደምሴ ነው። የክፍላችን ኃላፊ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ቆሎ የማይጠፋው ሰው። አንድ ጊዜ ደብዳቤው ላይ "እናትና አባቱ በሕይወት የሉም" የተባለለት ልጅ አባት፣ የልጃቸውን ውጤት ሊጠይቁ ማር ይዘው ቢሮ ገቡ። እኔ ደነገጥኩ። ጋሽ ደምሴ ብድግ ብሎ ወንበር ሰጣቸውና፣ "እንኳን ደህና መጡ አባቴ። እኛ እኮ ነፍስ ይማር ብለንዎት ነበር" አላቸው።

ጋሽ ደምሴ ደብዳቤ አያምንም፤ ቤት ድረስ ሄዶ ያያል። ሲያይም እንደ ሰው አያይም። ቤቱን ትቶ መጀመሪያ ጎረቤት ሰላም ይላል። ገበሬውን "በሬ አለህ ወይ?" ብሎ አይጠይቅም፣ "ከማን ጋር ነው የምታርሰው?" ነው የሚለው። በሬ የሌለው ሰው በሬ የሚያውሰውን ሳያስበው ይነግረዋል። ከሁሉ የማደንቀው ግን የላሟን ነገር ነው። ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ ጠጋ ብሎ፣ "የላማችሁ ስም ማነው?" ይለዋል።

"ላም ያለው ቤት ልጅ" ይለኝ ነበር፣ "ስሟን ከነአመሏ ይነግርሻል። ላም የሌለው ቤት ልጅ እናቱን ያያል።"

ዋናው ዘዴው ግን ቀን መምረጥ ነበር። የክርስቲያን ቤት የሚሄደው ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው፤ የሙስሊም ቤት ደግሞ በረመዳን፣ በጠራራ ፀሐይ። መጀመሪያ ግራ ገባኝ። ጠየቅኩት።

"ዘሀራ፣ በእኛ አገር የድሃ ቤት በፍስክ ቀን አይታይም" አለኝ። "እንግዳ መጣ ሲባል ድህነቱን ጓዳ ይደብቅና የጎረቤቱን ሀብት ይዘረጋልሻል። ያለችውን አንዲት ዶሮ ያርዳል፣ የሌለውን በግ ይበደራል። እኛ ልንረዳው ሄደን አራቁተነው እንመለሳለን። በጾም ቀን ግን ምን ያርዳል? ሽሮውን ይሰጠናል፣ ቤቱንም እንዳለ እናየዋለን።"

ይህን ምክንያት ለእኔ ነገረኝ እንጂ የትም አላሰፈረውም። የቢሮው አሠራር ላይ የገባው "የመስክ ቀን ረቡዕና ዓርብ ይሆናል" የሚለው ብቻ ነው። ሾፌራችን ጥላሁን ለዓመታት እየረገመው ሽሮ በላ። ጥላሁን ሥጋ የሚወድ ሰው ነው፤ መኪና ከመንዳት ይልቅ ለሥጋ የተፈጠረ ነው ብል አልዋሸሁም።

ጋሽ ደምሴ ጡረታ ወጣና አቶ ፋሲል ተተካ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ መመሪያ ይወዳል። "ረቡዕና ዓርብ ይላል?" "ይላል።" "እንግዲያው ረቡዕና ዓርብ!" አበቃ።

ትርንጎ ቢሮዬ የመጣችው በዚያ ዓመት ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ ከኩታበር ገጠር፣ የቄስ ልጅ። ሌላው ተማሪ ሲገባ ችግሩን ከበር ጀምሮ ያወራል፤ እሷ ቁማ ቆየችና፣ "እትዬ፣ የሚታጠብ ዕቃ ወይ የሚጠረግ ቤት ይኖርዎት ይሆን?" አለችኝ። እየቆየሁ ስጠይቃት የመኝታ ክፍል ጓደኞቿን ልብስ እያጠበች ነው ፎቶ ኮፒ የምታስነሳው። ፈንዱ ካልደረሳት ትምህርቱን ትታ የአገሯ ልጆች ወደሚሠሩበት የስፌት ፋብሪካ ልትገባ ቆርጣለች። የምትማረው ደግሞ ጨርቃ ጨርቅ ነው።

"እዚህ ጨርቅ እንዴት እንደሚሠራ ከምማር እዚያ ሄጄ ብሠራው አይሻልም?" አለችኝ። ፈገግ ለማለት ሞከረች። አንጀቴን በላችው።

"አብሽሪ" አልኳት። "ቤታችሁን አይተን እንመጣለን።" አብሽሪ ማለቴን ዛሬም አልረሳውም።

ረቡዕ ሆነ። አቶ ፋሲልም አብሬ ካልሄድኩ አለ። ጥላሁን በጠዋት መኪናውን አጥቦ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ እያፏጨ ይጠብቀናል። ሰውየው መስክ ሲባል ሆዱን የሚያመው ነበር።

"ምን ተገኘ ዛሬ?" አልኩት።

"ምንም፣ እትዬ ዘሀራ። አየሩ ደስ አይልም?"

ቦሩ ሜዳ ላይ ጭጋጉ የመኪናውን አፍንጫ እንኳ አያሳይም።

ኩታበርን አልፈን፣ መኪና እስከሚችለው ሄደን ደረስን። ቀበሌው ነግሯቸው ኖሮ ቄስ ሞላ፣ የትርንጎ አባት፣ ነጭ ጥምጣማቸውን አሳምረው ደጅ ቆመው ተቀበሉን። ገባን። መሬቱ በምንጣፍ ተሸፍኗል። ወንበር ተደርድሯል። ለአቶ ፋሲል የክብር ወንበር ሰጡት፤ አረንጓዴ ቀለም የተቀባች፣ አንድ እግሯ በሽቦ የታሰረ። ሲቀመጥ የሽቦው ጫፍ ሱሪውን ያዘው፣ ሲነሳ ቀደደው። ይህችን ወንበር ያዙልኝ።

ከጓዳ የጥብስ ሽታ መጣ። እኔ ሙስሊም ብሆንም ተወልጄ ያደግሁት ከክርስቲያን ጋር አጥር ተጋርቼ ነው፤ ረቡዕን አውቀዋለሁ።

"ቄስ ሞላ፣ ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ?"

"ሃምሳው ነው እኮ እመቤት!" አሉኝ በደስታ። "ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም ፍስክ አይደል? ምን ያለ የተባረከ ቀን መርጣችሁ መጣችሁ!"

ቀስ ብዬ ወደ ጥላሁን ዞርኩ። እጁን እየታጠበ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሳምንቱን ሙሉ አውቆ ነው ዝም ያለው።

ቢያንስ እኔ ልዳን ብዬ፣ "እኔ እንኳ ሙስሊም ነኝ፣ አልበላም" አልኩ። ቄስ ሞላ ቅር አላቸው።

"ይህን ሳናውቅ የቀረን መስሎዎት ነው? እንድሪስ!"

ጎረቤታቸው ሼህ እንድሪስ ከጓሮ ብቅ አሉ። "አሰላሙ አለይኩም! አብሽሪ እህቴ፣ ያንቺን በግ በእጄ ቢስሚላህ ብዬ አርጃለሁ። የተቀቀለውም እኔ ቤት፣ በባለቤቴ ድስት ነው። ወላሂ የክርስቲያን ማንኪያ አልነካውም።"

በአንድ ድሃ ቤት፣ በአንድ ረቡዕ፣ ሁለት በግ። የአቶ ፋሲል ዓይን ከአንዱ ትሪ ወደ ሌላው ይሄዳል።

"ቄስ ሞላ" አለ በመጨረሻ፣ "እነዚህ በጎች የማን ናቸው?"

ቄሱ ቀና አሉ። "በቤቴ የታረደ የማን ይሆናል? ደሃ መሰልኩህ ልጄ?"

እንዲያ መስሎን እኮ ነው የመጣነው! ግን ይህን ፊታቸው ማን ይላል? እኔ የቻልኩትን አደረግሁ። ጥግ የተቀመጠውን ትንሹን ልጅ ጠጋ ብዬ፣ "የላማችሁ ስም ማነው?" አልኩት።

ልጁ እናቱን አየ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ለአቶ ፋሲል ነገርኩት። የጋሽ ደምሴን ዘዴ፣ የጾሙን ነገር፣ ሁሉንም። ጭኑ ላይ የበግ ወርች ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ለመንገድ ብለው በግድ ሰጥተውት።

"እትዬ ዘሀራ፣ ሪፖርቱ ላይ 'ሁለት በግ ታርዷል፣ ነገር ግን ልጁ እናቱን አየ' ብዬ ልጻፍ?"

ትርንጎ ከፈንዱ ተሰረዘች። ይህን ያህል ዓመት ስሠራ ከዚያ በላይ የተሸነፍኩበት ቀን የለም። በሰጡኝ ሥጋ ምክንያት ልጃቸው ስትሰረዝ አያችሁ? የበላሁት እስከ ዛሬ አልተፈጨልኝም። ይባስ ብሎ ትርንጎ ልታመሰግነኝ መጣች።

"አባቴ ደስ ብሎታል። እንግዶቹ ጠግበው ሄዱ ብሎ ላከብኝ" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ዊዝድሮው፣ የማቋረጫውን ፎርም ለመሙላት የት ነው የምሄደው?"

"የትም አትሄጂም። የቅሬታ ጊዜ አለ፣ እሱ እስኪያልቅ ታገሺኝ" አልኳት። አለቀስኩ፣ እሷ ከወጣች በኋላ።

የዚያኑ ቅዳሜ ደሴ ጋሽ ደምሴ ቤት ሄድኩ። ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ ይሞቃል። ነገሩን ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ በጥላሁን ተቆጣ፣ ከዚያ በራሱ ተቆጣ። "ቀኑን ብቻ አስፍሬ ምክንያቱን መተዌ!" ቆሎውን ከኪሱ አወጣና አሰበ።

"ጰራቅሊጦስ ሲያልፍ የሐዋርያት ጾም ይገባል" አለኝ። "ያኔ ሳትነግሩ ሂዱ። ፋሲልን ይዘሽው ሂጂ፤ አንቺ አይተሽ ብትነግሪው አያምንም፣ ራሱ ይይ። ግን ቤት አትግቡ። ከቤቱ በላይ ያለው ዳገት ላይ መኪናውን አቁሙና ሞተሩን አስጩሁት። የመኪና ድምፅ ሲሰማ ሰው ከየት ወዴት እንደሚሮጥ እዩ።"

አቶ ፋሲል የተዘጋ ፋይል እንደገና አያይም። ስለዚህ ጥላሁንን ያዝኩት። "የበላኸውን በግ ዛሬ ትከፍላለህ" አልኩት። ኩታበር ሌላ ተማሪ ልናይ በወጣንበት ዓርብ፣ ጾሙ ገብቶ ነበር፣ ጥላሁን መንገድ አሳሳተ። ከዚያ ልክ ከቄስ ሞላ ቤት በላይ ዳገቱ ላይ ሞተሩን አስጮኸና ቆመ። "ሞቀ" አለ። ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ አለ።

አቶ ፋሲል እየተነጫነጨ ወረደ። ታች ውሻ ጮኸ። ከቄሱ ቤት አንድ ሕፃን ወጥቶ ወደ ሼህ እንድሪስ ግቢ በረረ። ትንሽ ቆይቶ ከዚያ ግቢ አንድ ሰው ምንጣፍ ተሸክሞ ወጣ። ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል አንዲት ሴት ትሪ ይዛ ትሮጣለች። ሌላዋ ብርጭቆ በነጠላዋ ቋጥራለች። ሁሉም ወደ ቄስ ሞላ ጓሮ። ቀጥሎ በእርሻው መሀል፣ በአንድ ጎረምሳ ጭንቅላት ላይ፣ እግሮቿን ወደ ሰማይ አንጨፍርራ፣ አረንጓዴዋ ወንበር መጣች።

"ያቺ ወንበር..." አለ አቶ ፋሲል። እጁ ሳያውቀው ወደ ሱሪው ኋላ ሄደ።

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "እንግዲህ በጎቹም..." አለ።

"አንዱ የሼህ እንድሪስ ነው፣ አንዱ የቄሱ የጽዋ ማኅበር" አለ ጥላሁን ከኮፈኑ ሥር። "ያን ጊዜ እጄን ስታጠብ ነግረውኛል።"

"እና እስከ ዛሬ ዝም?!" ብዬ ጮህኩ።

"ማን ጠየቀኝ?"

አሁን እንመለሳለን ብዬ ሳስብ አቶ ፋሲል ቁልቁል መውረድ ጀመረ። "ወንበር ተሸክመውልን እንዴት እንመለሳለን?" አለ። ገባ፣ ተሳለመ፣ አረንጓዴዋ ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት ሽቦውን በጣቱ ወደ ውስጥ አጠፈ። ያቀረቡለትን ዳቦ በላ። ስለ ወንበሩም፣ ስለ ምንጣፉም፣ ስለ በጎቹም አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

"ቄስ ሞላ" አለ፣ "የመጣነው ልናበስርዎት ነው። ልጅዎ በጉብዝናዋ ሽልማት ተወስኖላታል። በየወሩ ይሰጣታል።"

ቄሱ ፊታቸውን አከበዱ። "ምጽዋት አይደለም አይደል?"

"ሽልማት ነው።"

"ሽልማት ከሆነ ይሁን። እግዜር ይስጥልን።"

ያን መመሪያ የሚወድ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኩት። ትርንጎ ስሟ ተመለሰ፣ ተማረች፣ ተመረቀች። አሁን ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ናት፤ የጨርቁን ጥራት የምትቆጣጠር እሷ ናት፤ የአገሯ ልጆችም "እታለም ኢንጂነር" ይሏታል።

ጡረታ መውጣቴን ስትሰማ፣ "በዚህ ሳምንት ልጠይቅዎት እመጣለሁ" ብላ ደወለችልኝ። የምትመጣው ቅዳሜ ነው ብዬ ቆረጥኩ። ጎረቤቴ ወይዘሮ አስካለ ዶሮዋን በክርስቲያን እጅ አሳርዳ በራሷ ድስት እንድትሠራልኝ ተስማማን። ሃምሳውም የሐዋርያት ጾሙም ማለፉን ጠይቄ አረጋግጫለሁ፣ ከእንግዲህ አልሞኝም። የእኔ ሶፋ መቀመጫው ስለ ሰመጠ ወንበሩን ግን ቀደም ብዬ ከእሷ አስመጣሁ፤ ሳሎኔ ልክ የቄስ ሞላን ቤት መሰለ።

ዓርብ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ትርንጎ ናት። ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመችና ተቀመጠች።

"ነገ ነበር እኮ የጠበቅኩሽ! ዛሬ ምን ላቀርብልሽ ነው?"

"ዓርብ ነው፣ ጾመኛ ነኝ እትዬ ዘሀራ። ውሃ ይበቃኛል" አለች፣ ከቦርሳዋም ቆሎ አወጣች። "ጋሽ ደምሴን አንድ ጊዜ አግኝቻቸው ነበር፤ ጡረተኛ ቤት በፍስክ ቀን አይኬድም ብለውኛል።"

ደሜ ፈላ። "ደሃ መሰልኩሽ?" አልኳት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሁለታችንም አወቅነው። ትርንጎ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ዓይኗን እየጠረገች የተቀመጠችበትን ወንበር ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው።

"ወንበሩ የማን ነው፣ እትዬ ዘሀራ?"

ቀና አልኩ።

"በቤቴ የተቀመጠ የማን ይሆናል?" አልኳት።